የጡት ካንሰር አጥንት ሲነካ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ለምታስታምሙ

የጡት ካንሰር አጥንት ላይ ታየ ሲባል ቤተሰብ የሚሰማው «አለቀላት» የሚለውን ብቻ ነው። ካርዱ ላይ ደረጃ 4 (ካንሰሩ ከጡት ርቆ ተሰራጭቷል ማለት ነው) ተብሎ ከተጻፈማ ጠያቂው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ይጀምራል። አብሽሩ። ከሥሩ ነቅዬ አጠፋዋለሁ ብሎ ቃል የሚገባ ሐኪም የለም። ነገር ግን ጉበትና ሳንባ ሳይነካ አጥንት ላይ ብቻ ያለ የጡት ካንሰር በመድኃኒት ተይዞ ለዓመታት ሊኖሩበት የሚቻል በሽታ ነው። ከደሴ እየተመላለስን ስናስታምም እንዳየነው፣ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለው ብዙ ጊዜ የተሰበረ ጭን፣ የተጨፈለቀ አከርካሪና በወጉ ያልታገሠ ሕመም ነው። ሦስቱም በጊዜ ከተያዙ አብዛኛውን ጊዜ መላ አላቸው። ስለዚህ ካንሰሩን ማከምና አጥንቱን መጠበቅ ሁለት ሥራ መሆናቸውን ከመጀመሪያው ያዙ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ነገሩ የሚጀምረው በሕመም ነው። ጀርባ፣ ጎድን፣ ዳሌ፣ ጭን ወይም የክንድ ላይኛው ክፍል ይጠዘጥዛል። ሥራ ሲበዛ የሚያመው ወገብ ሲያርፉ ይቀልላል፤ ይሄኛው ግን ሌሊት ይብሳል፣ ተኝተውም አይለቅም፣ ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ ይሄዳል። ደሴ ላይ ብርድ ነው፣ ሪህ ነው፣ ነርቭ ነው እየተባለ ወራት ያልፋሉ። ጡቷን የታከመች ሴት ሕክምናዋን ከጨረሰች 10 ዓመት ቢያልፋትም እንኳ እንዲህ ያለ ሕመም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየባት የጡቱን ታሪክ ለሐኪሙ መጀመሪያ ትንገር። በተለይ ሆርሞን ተቀባይ ያለው፣ ማለትም በሴት ሆርሞን የሚያድገው ዓይነት፣ ዘግይቶ የመመለስ ጠባይ አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርገን እንናገር፦ ወጌሻ ጋ አትውሰዷት። ለወለምታ ይሁን፤ ካንሰር የበላውን አጥንት ማሸት፣ መሳብና መጫን ግን ሊሰብረው ይችላል፣ አከርካሪ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያለውን ሕብለ ሰረሰር ሊጎዳ ይችላል። «ትንሽ ብትታሽ ይለቃታል» የሚሉ ደግ ሰዎች አይጠፉም፤ በትሕትና እምቢ በሉ።

ራጅ ተነስቶ «ምንም የለም» ቢባል ነገሩ አላበቃም። የአጥንቱ ማዕድን ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህሉ ካልጠፋ ተራ ራጅ ላይ ጉዳቱ ላይታይ ይችላል። ሕመሙ ከቀጠለ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ያስፈልጋል፤ የጀርባ ከሆነ ኤምአርአዩ ከአንገት እስከ ጅራት አጥንት ሙሉውን ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም የሚያመው አንድ ቦታ ሆኖ የተነካው ሦስት ቦታ ሊሆን ይችላል። ከደም ምርመራ ካልሲየም፣ አልቡሚን (የደም ፕሮቲን)፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ (አጥንት ሲነካ ከፍ ሊል የሚችል) እና ክሬቲኒን (የኩላሊት መለኪያ) መኖራቸውን አረጋግጡ። ካልሲየም ያለ አልቡሚን ሲነበብ ያሳስታል፤ አልቡሚን በዴሲ ሊትር ከ4 ግራም በታች በወረደ በእያንዳንዱ 1 ግራም ካልሲየሙ ላይ 0.8 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ተደምሮ ነው የሚታየው። የከሳች ሴት ካልሲየም ወረቀት ላይ ደህና መስሎ በሒሳብ ግን ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ መድኃኒት ከመገዛቱ በፊት የሚመለስ ጥያቄ አለ፤ የተቀባይ ምርመራው ውጤት የት ነው? የኢስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን (የሴት ሆርሞኖች) እንዲሁም የኸር ቱ (HER2) ተቀባዮች ማለታችን ነው። ሕክምናው ሁሉ የሚቀየሰው በዚህ ነው። ብዙ ቤተሰብ «ባዮፕሲ ተሠርቷል» ብሎ ይረጋጋል፤ ወረቀቱ ሲታይ ካንሰር መሆኑን ብቻ ነው የሚለው። ናሙናው በሰም ተይዞ ፓቶሎጂ ክፍል ይቀመጣል፤ ያንን ብሎክ በደብዳቤ ጠይቆ ተቀብሎ ምርመራው ወደሚሠራበት ቦታ መውሰድ ይቻላል። አዲስ ናሙና የሚወሰድ ከሆነ ወዲያው በቂ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት፤ ከስድስት ሰዓት ያነሰ ወይም ከሦስት ቀን የበለጠ ከቆየ ውጤቱ ሊበላሽ ይችላል። ከአጥንት የተወሰደ ናሙና ደግሞ ለመቁረጥ እንዲመች በአሲድ ስለሚለሰልስ ተቀባዩ ኖሮ «የለም» ሊል ይችላል። በአጥንት ናሙና ብቻ ተቀባይ የለም ከተባለ፣ ከድሮው የጡት ናሙና ጋር ይመሳከር ብላችሁ ጠይቁ።

ሆርሞን ተቀባይ ካላትና ሕይወቷን የሚያሰጋ የጉበት ወይም የሳንባ ችግር ከሌለ፣ መጀመሪያ የሚሰጠው በአብዛኛው ኬሞ ሳይሆን የሆርሞን ሕክምና ነው። «ኬሞ ከለከሏት፣ ተስፋ ቆርጠውባት ነው» ተብሎ ሲወራ ሰምተናል፤ አይደለም። ታሞክሲፌን 20 ሚሊ ግራም በቀን፣ ወይም የወር አበባዋ በእድሜ ለቆመ ሴት ሌትሮዞል 2.5 ወይም አናስትሮዞል 1 ሚሊ ግራም በቀን ነው። አቅም ካለና ከተገኘ እንደ ፓልቦሲክሊብና ራይቦሲክሊብ ያሉ መድኃኒቶች በሌትሮዞሉ ወይም በአናስትሮዞሉ ላይ ሲጨመሩ ካንሰሩን ለረዘመ ጊዜ ይዘው ያቆያሉ፤ ዋጋቸው ግን ከባድ ነው። ኸር ቱ ካለባት እሱን የሚያነጣጥረው ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት ይታሰባል፣ ከዚያ በፊት የልብ አልትራሳውንድ ይታያል።

በዚህ መስመር የሚያጋጥመው ትልቁ ስሕተት ገና የወር አበባ ለምታይ የ38 ወይም የ42 ዓመት ሴት ሌትሮዞል ብቻውን መግዛት ነው። እንቁላል ማምረቻዋ እየሠራ ሌትሮዞል ብቻውን አይሠራም፤ ወይ እንቁላል ማምረቻውን የሚያሳርፍ 3.6 ሚሊ ግራም የጎሰረሊን መርፌ በየ28 ቀኑ፣ ወይ እንቁላል ማምረቻውን በቀዶ ጥገና ማውጣት ያስፈልጋል። ቀዶ ጥገናው አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያበቃል፤ በየወሩ መርፌ ፍለጋ ለሚንከራተት ቤተሰብ የሚያዋጣበት ጊዜ ብዙ ነው። በኬሞ የቆመ የወር አበባም ተቋርጧል አይባልም፣ ሊመለስ ይችላል። ታሞክሲፌን የምትወስድ ሴት ደግሞ ለድብርት ፍሉኦክሰቲን ከታዘዘላት ታሞክሲፌኑን እንደሚያዳክመው ለሐኪሙ ታሳስብ። አንድ እግር ካበጠ ወይም የማኅፀን ደም ከታየ ሳይውል ሳያድር ትታይ።

አሁን ወደ አጥንቱ መርፌ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄን ነው። ዞሌድሮኒክ አሲድ ካንሰሩን አይገድልም፤ አጥንቱ እንዳይበላ ይይዘዋል፣ ስብራትን ይቀንሳል፣ ሕመምም ያቀላል። መጠኑ 4 ሚሊ ግራም ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ወይም 5 በመቶ ግሉኮስ ተበጥብጦ ከ15 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ይንጠባጠባል። ሪንገር ላክቴት ግን ካልሲየም ስላለው በእሱ አይበጠበጥም። ቶሎ እንዲያልቅ ጠብታውን መልቀቅ ኩላሊት ይጎዳል፤ ወረፋው ረዝሞ ነርሷ ብትቸኩል እንኳ ሰዓታችሁን ተመልከቱና በትሕትና አሳስቡ። ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ክሬቲኒን ይታያል፤ ከፍ ካለ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይቆያል። የዚያን ቀን ጠዋት ሁለት ሦስት ብርጭቆ ውኃ ትጠጣ፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በዚያው ሰሞን አይወሰዱ፣ እነሱም ኩላሊት ላይ ነው የሚበረቱት። በተወጋች ማግስት ትኩሳትና ቁርጥማት ከመጣባት ፓራሲታሞል ይበቃል፤ በብዛት በመጀመሪያው መርፌ ላይ ነው የሚበረታው።

በየአራት ሳምንቱ ተብሎ የጀመረው ወደ በየሦስት ወሩ ሊራዘም ይችላል፤ በጥናት ታይቶ ስብራትን በመከላከል ረገድ አልተበላለጡም። ከኮምቦልቻ ወይም ከገጠር ለሚመላለስ ይሄ ትልቅ እፎይታ ስለሆነ ራሳችሁ ጠይቁ። አብሮት በቀን 500 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ይወሰዳል፣ ካልሲየሟ ከፍ ካላለ። ከንፈርና ጣት መንዘር ወይም ጡንቻ መኮማተር ካልሲየም የመውረዱ ምልክት ነው።

ስለ ጥርስም አንርሳ። ይሄን መርፌ የሚወስድ ሰው ጥርስ ሲነቀል የመንጋጋ አጥንቱ አልድን ብሎ ሊጋለጥ ይችላል። የሚነቀል ጥርስ ካለ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ተነቅሎ፣ ድዱ ገጥሞ ነው የሚጀመረው። ከዚያ በኋላ ለጥርስ የሚሄዱበት ቦታ ሁሉ «ዞሌድሮኒክ እወስዳለሁ» ማለት ግድ ነው። መፋቂያውም ለስላሳ ይሁን፤ ድድ አያቁስል።

አንድ ቦታ ለይቶ የሚያሰቃይ ሕመም ካለ መድኃኒቱ ጨረር ነው፤ ለዚያ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ መጓዝ ይመጣል። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚህ ላይ የምንመክረው አንድ ጥያቄ ብዙ ብርና እንግልት ያድናል፦ «በአንድ ቀን የሚሰጠው 8 ግሬይ ለእሷ ይሆናል?» (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው።) ስብራት ለሌለበት፣ ሕብለ ሰረሰር ላልተጫነበት ተራ የአጥንት ሕመም አንድ ጊዜ የሚሰጥ 8 ግሬይ በ10 ቀን ተከፋፍሎ የሚሰጠውን 30 ግሬይ ያህል ሕመም ያስታግሣል። ልዩነቱ አንዴ የተሰጣቸው ሰዎች በኋላ መድገም የሚያስፈልጋቸው በዛ ማለታቸው ነው። ሁለት ሳምንት ቤት ተከራይቶ ከመቀመጥ ለብዙ ሰው ይሻላል። ቦታውን ለመለካት ቆዳ ላይ የሚደረገውን ምልክት ሕክምናው ሳያልቅ አትፈግፍጉት። ከጨረሩ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ሕመሙ ሊብስ ይችላል፤ «አባሰባት» ብላችሁ አትደንግጡ። እፎይታው ከአንድ ሁለት ሳምንት ጀምሮ ይመጣል፣ ሙሉ ለሙሉ ለመታየት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ ማስታገሻው በጨረሩ ማግስት አይቋረጥም።

ስለ መንገዱ። አከርካሪዋ ሊደረመስ ይችላል ከተባለች በአውቶቡስ አትሄድም፤ ጠፍጣፋ ተኝታ በአምቡላንስ ነው። መቀመጥ የምትችል ከሆነ ደግሞ የኋላ ወንበር አትያዙ፤ ጎማው ላይ ያለው ወንበር እያንዳንዱን ጉድጓድ ወደ ወገብ ይልካል። መሐል ላይ፣ ጀርባዋን ሙሉ ደግፋ ትቀመጥ። ማስታገሻዋን ከመነሳቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ትውሰድ፣ ከሸዋ ሮቢት በኋላ ደብረ ሲና ዳገት ሳይጀመር ቀጣዩ ሰዓት ደርሶ እንደሆነ እዩ። አቅም ከተገኘ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ መብረር ለአጥንት ብዙ ይቀላል። የምትይዙት ወረቀት ሪፈሩን፣ የጤና መድን ደብተሩን፣ የፓቶሎጂውን ውጤትና የራጅና የኤምአርአይ ፊልሙን ራሱን ይጨምር። ጨረር የሚያቅደው ሐኪም ምስሉን ማየት ይፈልጋል፤ ጽሑፉ ብቻ ሲቀርብለት እንደገና ተነሱ ይላል።

ሞርፊን ሲባል ሰው ይሸሻል። ሱስ ይሆንባታል፣ መሞቻዋ ደርሶ ነው ይባላል። ለካንሰር ሕመም በልክ የሚወሰድ ሞርፊን በሐኪም እጅ ደኅና መድኃኒት ነው፤ ሕመሙ በጨረር ሲቀልል ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በአፍ 5 ሚሊ ግራም በየአራት ሰዓቱ ነው፤ ለአዛውንት ወይም በጣም ለከሳ ሰው 2.5። ሕመም እስኪመጣ አይጠበቅም፣ ሰዓት ተይዞ ነው የሚሰጠው። በመሐል ድንገት ከበረታ የአንድ ጊዜውን ያህል ተጨማሪ ይወሰዳልና፣ ያ ስንት ጊዜ እንደተጨመረ ጻፉ፤ ሐኪሙ መጠኑን የሚያስተካክለው በዚያ ነው። ሌሊት ላለመነሳት የመኝታውን እጥፍ የሚያደርጉ ሐኪሞች አሉ፣ ጠይቁ።

ፈሳሹን በማንኪያ አትለኩ። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከፋርማሲ ውሰዱ። ጠርሙሱን ደግሞ በገዛችሁ ቁጥር አንብቡ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም የያዘ አለ፣ 2 የያዘ አለ፣ 10 የያዘም አለ። ትናንት 5 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ነበር፤ ጠርሙሱ ሲቀየር ያው 5 ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ ትንፋሽ ያቆማል። ስትጠራ የማትነቃ፣ ትንፋሿ የዘገየ ከሆነ ቀጣዩን አትስጡ፣ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ማቅለሽለሹ በሳምንት ውስጥ ይለቃል፤ የሆድ ድርቀቱ ግን አይለቅም፣ ስለዚህ ቢሳኮዲል (ሆድ የሚያለሰልስ ክኒን) ከመጀመሪያዋ ማታ አንስቶ አብሮ ይጀመር። የሞርፊን ማዘዣ ልዩ ወረቀት ላይ ስለሚጻፍ አርብ ማታ አለቀብን ብሎ መሮጥ አያዋጣም፤ ለአንድ ሳምንት የሚሆን ሲቀር ቀጠሮ ያዙ።

ሁለት ነገሮች ቀጠሮ አይጠብቁም። የመጀመሪያው ሕብለ ሰረሰር ሲጫን ነው። አዲስ ወይም የባሰ የጀርባ ሕመም፣ ደረትን ወይም ሆድን እንደ መቀነት ዙሪያውን የሚያስር ሕመም፣ ስትስል የሚብስ፣ እግር መዛል፣ ደረጃ ሲወጡ መክዳት፣ እግር ወይም መቀመጫ መደንዘዝ፣ ሽንት እምቢ ማለት ወይም ማምለጥ። ከእነዚህ አንዱ ሲታይ የዚያኑ ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል። ሕክምናው ሲጀመር በእግሯ የምትሄድ ሴት አብዛኛውን ጊዜ መሄዷን ትቀጥላለች፤ እግሯ ሙሉ በሙሉ ከተያዘ በኋላ ግን መመለሱ አስቸጋሪ ነው። ስትደርሱ «የጡት ካንሰር አለባት፣ አጥንት ነክቷል፣ እግሯ ከትናንት ጀምሮ እየዛለ ነው» በሉ፤ «ወገቧን አሟታል» ካላችሁ ዳይክሎፌናክ ተወግታ ትመለሳለች። ሐኪሙ ዴክሳሜታዞን (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) የሚጀምረው እዚያው ነው፣ በአብዛኛው በቀን 16 ሚሊ ግራም። ዴክሳሜታዞኑ ሳይጀመር የሪፈር ወረቀት ብቻ ይዞ 400 ኪሎ ሜትር መጓዝ ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ነውና፣ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ስታዟዙሯት ጭንቅላቷ፣ ትከሻዋና ዳሌዋ አንድ ላይ ይዙሩ፤ ሥሯ ጋቢ አንጥፉና ከሁለት ወገን ሦስት ሆናችሁ በጋቢው አንሷት።

ሁለተኛው በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፍ ሲል ነው። ውኃ ውኃ ማለት፣ ሽንት መብዛት፣ የሆድ ድርቀት፣ ማስመለስ፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትና መቀባጠር። ቤተሰብ በሞርፊኑ ወይም በሐዘኗ ያሳብበዋል። በደም ምርመራ የሚታወቅ ነገር ነው፤ በደም ሥር ብዙ ፈሳሽና ያው ዞሌድሮኒክ ሲሰጥ በሁለት ሦስት ቀን ሰውየዋ ትመለሳለች። እስኪታይ ድረስ የካልሲየም ክኒኑን አቁሙ። ኬሞ ላይ ላለች ደግሞ 38 የደረሰ ትኩሳትም እንደዚሁ አያድርም።

ጭኗ ላይ ስትረግጥ የሚወጋ ሕመም ካለ ከዳሌ እስከ ጉልበት ያለው ራጅ ይነሳ። የአጥንቱ ቅርፊት ከግማሽ በላይ ከተበላ ሳይሰበር በፊት ብረት ማስገባት ከተሰበረ በኋላ ከመጠገን እጅግ ይቀላል። እስከዚያ ክራንች ትያዝ።

ቤት ውስጥ የሚሰብሩት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ጄሪካን ማንሳት፣ ልጅ ማዘል፣ ምጣድ ላይ አጎንብሶ መዋል ይቅር። ቁጢጥ የሚያስብል መጸዳጃ ላይ መሐሉ የተቆረጠ የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጡ። ሶላትም ሆነ ስግደት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይቻላል፤ ሸሁም ቄሱም ለታመመ ይፈቅዳሉ፣ ካልተዋጠላት እነሱው ይንገሯት። ጠበል የምትሄድ ከሆነ ክኒኗን ይዛ ትሂድ፤ የሆርሞን መድኃኒት ወራት ቢቋረጥ ሕመም ወዲያው ስለማይመጣ ሰው ይዘናጋል። ከዘመድ የሚመጣውን ቅጠላ ቅጠልና ጥቁር አዝሙድ ዘይት ኬሞ ላይ እያለች ለሐኪሟ ሳታሳዩ አትስጡ። ፈጽማ ተኝታ መዋልም አይበጃትም፤ ሐኪሙ ካልከለከለ ሜዳ ሜዳውን ትራመድ፣ የደሴ ዳገትና የድንጋይ ደረጃ ግን ይቅርባት።

በመጨረሻ፣ ክትትሉ ላይ ሰው የሚሳሳትበትን እንንገራችሁ። የሆርሞን መድኃኒት ይሠራ አይሠራ ለመለየት ሁለት ሦስት ወር ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የአጥንት ሕመም ትንሽ ሊጨምር፣ አልካላይን ፎስፋቴዝም ከፍ ሊል ይችላል። በሦስተኛው ወር ሲቲ ላይ ድሮ ያልታየ ነጭ ነጭ ነገር ብቅ ቢል አጥንቱ እየዳነ ማዕድን እየሞላ ሊሆንም ይችላል፤ በአንድ ምስል ብቻ መድኃኒት አይቀየርም። ሌትሮዞል የሚያመጣው ሕመም ደግሞ ሌላ ነው፦ ጠዋት ጠዋት የሁለቱም እጅ ጣቶችና የሁለቱም ጉልበቶች ይደርቃሉ፣ ሲንቀሳቀሱ ይፍታታሉ። አንድ ቦታ ለይቶ ሌሊት የሚጠዘጥዝ ከሆነ ግን የሌትሮዞሉ አይደለምና የተቀጠረችበት ቀን ሳይደርስ ትታይ።